ከመፈልፈያው የጎደሉት እንቁላሎች

አሰብ የተከራየሁበት ግቢ ጥግ ላይ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ፣ አከራዬ ከሰል የምታኖርበት የእንጨት ሣጥን ነበር። አራት እግር አለው። የፊት በሩ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተተክቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ሳልፍ የአሮጌ ቁም ሣጥን ቁራጭ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አከራዬን ወገቧን አሟት ከሰሉን ላወጣላት ጎንበስ ስል፣ ከውስጥ የሽቦ መደርደሪያ፣ ከላይ ደግሞ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ውሃ መያዣ አየሁ። ከጎኑ ኩራዝ የሚገባበት ትንሽ ሣጥን ተለጥፎበታል። የሳይንስ አስተማሪ ነኝና እንዲህ ያለውን በመጽሐፍ ሥዕል አውቀዋለሁ። የጫጩት መፈልፈያ ነበር።

ወደቡ ገና በኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ተጨናንቆ የሚውልበት ጊዜ ነው። ከደሴ ተመድቤ የመጣሁት አገሩ አንድ ሳለ ነው። አገሩ ሁለት ሲሆን ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ጓዛቸውን ጭነው ሄዱ፤ እኔ የቀሩትን ሰዎች ልጆች እያስተማርኩ ቀረሁ። ያኔ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎን ነበር የሚያየው። አንዱ አልጋውን ሲሸጥ ከታየ «ምን ሰምቶ ነው?» ይባላል። ሌላው አዲስ ወንበር ሲያስገባ ከታየም «ምን ተማምኖ ነው?» ይባላል። እኔ ደግሞ ከድሮም ተጠራጣሪ ነኝ። እናቴ «አንቺ እኮ ከዶሮዋ ሥር የወጣ እንቁላል ታሸቻለሽ» ትለኝ ነበር።

አሰብ ውስጥ ግን እንቁላል ማሽተት ነውር አልነበረም። ከደጋ በመኪና ተንገላቶ፣ በዚያ ሙቀት ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ነው እጃችን የሚገባው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ በሲኒ ሰብሮ፣ አይቶ ነበር ወደ መጥበሻው የሚገለብጠው። የራሴ ዶሮዎች ቢኖሩኝ የሚል ሐሳብ የመጣብኝ ከዚህ ነው።

«ይሄን ሣጥን ስጪኝ» አልኳት አከራዬን።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ጫጩት ላስፈለፍልበት።»

ሳቀች። «ውሰጂው፤ ለከሰል በርሜል አይጠፋም» አለችኝ።

ከግቢያችን ሁለት ቤት አልፎ አንድ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። የአስመራ አካባቢ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው አሰብ መጥተው እዚያው ቀሩ። አማርኛቸው ከእኔ አያንስም፤ እኔን ግን «ጓለይ»፣ ልጄ፣ ነበር የሚሉኝ። እኔም እንደ አገራቸው ወግ «አቦይ» እላቸዋለሁ። ሣጥኑን በእጅ ጋሪ አስጭኜ ሳቀርብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዞሩት። የኋላ እግሩ ላይ ያለ የቃጠሎ ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«ከአከራዬ።»

«እሷስ?»

«ቤቱን ስትገዛ ከነዕቃው ነው የገዛችው።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «ጣይው፤ አይረባም» አሉኝ።

«አይጠገንም ማለትዎ ነው?»

«ይጠገናል። ግን አይረባም።»

ተቀይሜ ሣጥኑን መለስኩት። በማግስቱ ጠዋት ግን ራሳቸው መጥተው በሬን አንኳኩ። «አምጪው፤ እሠራዋለሁ» አሉ። ሐሳባቸውን ምን እንዳስለወጣቸው ብጠይቅ አልመለሱልኝም። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሥራውን የያዙት በር ዘግተው ነው። ወንበርም ሲሠሩ፣ በርም ሲሠሩ ደጅ ላይ ነበር የሚሠሩት፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ ሰላም እያላቸው ነው የሚያልፈው። በዚያ ሙቀት በር ዘግቶ የሚሠራ አናጢ አሰብ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። አከራዬም አስተዋለች።

«ጣሊያኖቹ ሲሄዱ ወርቃቸውን የት የት እንደሸሸጉ ሰምተሻል?» አለችኝ።

«የት?»

«በግድግዳ ውስጥ፣ በወለል ሥር፣ በዕቃ ውስጥ። ያ ሣጥን ግድግዳው ድርብ ነው፤ መታ መታ አድርጌ አውቀዋለሁ። ከተገኘ የእኔ ነው። ሣጥኑን እንጂ በውስጡ ያለውን አልሰጠሁሽም።»

ልስቅባት ፈልጌ አቃተኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዴን አጥፌ በሱቃቸው ጀርባ አለፍኩና በመስኮቱ ሳንቃ ስንጥቅ ወደ ውስጥ አየሁ። የሣጥኑ የጎን ሳንቃዎች ተነቅለዋል። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ተጠቅጥቆ የነበረው አሮጌ ሰጋቱራ ጆንያ ላይ ተዘርግፏል። ሽማግሌው ተንበርክከው እፍኝ እፍኝ እያነሱ በጣቶቻቸው መካከል ያንጠባጥቡታል። አንዳንዱን እፍኝ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ያዩታል፤ ከዚያ ያሸቱታል። ሰጋቱራ የሚያሸት ሰው ምን ቢፈልግ ነው?

በማግስቱ ድንገት «አቦይ፣ ሰጋቱራው ውስጥ ምን አገኙ?» አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።»

«ውሃ ነው ያገኘሁት። መያዣው ያፈስ ነበር፤ ሰጋቱራው ሻግቷል።»

መልሱ መልስ ነው። እኔ ግን ይዤ የሄድኩት «ማን ነገረሽ?» ያሉትን ነው።

በሦስት ሳምንት ጨረሱት። ማማሩን መካድ አልችልም። ሳንቃው ተልጎ የማር ቀለም አውጥቷል፣ ውሃ መያዣው ተበይዷል፣ በግድግዳዎቹ መካከል አዲስ ደረቅ ሰጋቱራ ገብቷል፣ መስታወቱ በስቱኮ ተይዟል። አንድ ነገር ብቻ አልተሳካም። ሙቀት ሲበዛ እያበጠ የኩራዙን ክዳን የሚያነሳ፣ ብስኩት የምታህል የናስ ዕቃ ነበረችው፤ እሷ ሞታለች፤ ምትክም አልተገኘላትም። ስለዚህ ሙቀቱን የኩራዙን ክር ከፍ ዝቅ እያደረግን በእጃችን መጠበቅ ነበረብን። የእኔ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ላይ ያለ ኩራዝም እንቁላል ይቀቅላል። የእሳቸው ሱቅ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለው። «እዚህ ይቀመጥ» አሉ፤ የሱቁንም ትርፍ ቁልፍ ሰጡኝ። ምክንያቱን በደንብ እያወቅሁ እንኳ ለምን እንደዚያ እንደፈለጉ አሰላሰልኩ።

ኅዳር ላይ አንድ የማውቀው ሾፌር ከኮምቦልቻ ሠላሳ እንቁላል በጭድ አልብሶ፣ ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀምጦ አመጣልኝ።

«የተገዙበት ቤት አውራ ዶሮ አለ?» አልኩት።

«መምህር፣ እኔ ሾፌር ነኝ» አለኝ። «ዶሮዎቹን የጋብቻ ወረቀት አልጠየቅኳቸውም።»

ሠላሳውንም ደረደርኳቸው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድና ከሰዓት በኋላ ስመለስ እየገባሁ እገለብጣቸዋለሁ፤ በመካከሉ ሽማግሌው ኩራዙን ይጠብቃሉ። ከትምህርት ቤቱ የተዋስኩት ቴርሞሜትር በመስታወቱ በኩል ይታያል። በሰባተኛው ቀን ሱቁን አጨልመን በእጅ ባትሪ ስናያቸው፣ በአብዛኞቹ ውስጥ እንደ ሸረሪት እግር የቀጠኑ ቀያይ ሥሮች ታዩን። ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ፤ አንድም እንቁላል አልተሰነጠቀም። አራት ቀን ጨምሬ ጠብቄ ሰበርኳቸው። ገና ላባ ያልለበሱ ጫጩቶች ተጠቅልለው ሞተዋል።

ሽማግሌው አንዱን መዳፋቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «እንደዚያው ነው» አሉ፣ ለራሳቸው።

«እንደምኑ?»

«ምንም።»

የማልጠረጥረው ሰው አልነበረም። ሾፌሩን መንገድ ላይ እንቁላሎቹን ፀሐይ አስመትቷል ብዬ ጠረጠርኩ። አከራዬን በዓይኗ። ከሁሉም ይልቅ ግን ሽማግሌውን፤ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ከሣጥኑ ጋር የሚውሉት እሳቸው ናቸውና።

ጥር ላይ ሾፌሩ ሌላ ሠላሳ አመጣልኝ። አሁን በእያንዳንዱ ላይ ከአንድ እስከ ሠላሳ በእርሳስ ቁጥር ጻፍኩ። «ስገለብጥ እንዳልሳሳት ነው» አልኳቸው ሽማግሌውን። ውሸቴን ነበር።

በአሥረኛው ቀን ሰባት ቁጥር የለም። ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ ሣጥኑን ዘግቼ ወጣሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ጠፋ። የሻይ ምድጃቸውን ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ መጥበሻ የለም። በአሥራ አራተኛው ቀን አንድ ጎደለ፤ በአሥራ ስድስተኛው ደግሞ አንድ። የኩራዙ ጭስ መውጫ ላይም አዲስ ቆርቆሮ ተቀጥሎ ረዝሟል፤ እኔ አላዘዝኩም።

አከራዬ ስነግራት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ከወርቁ ቀጥሎ ወደ እንቁላሉ ዞሯል» አለች።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ገብቼ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

«አቦይ፣ እንቁላሎቼ እየጎደሉ ነው።»

የያዙትን መላጊያ አስቀመጡ።

«አራት ጎድለዋል። ቁጥር የጻፍኩባቸው ለዚህ ነው። የዚህ ሱቅ ቁልፍ ያለን እኔና እርስዎ ብቻ ነን።»

«ሌባ እያልሽኝ ነው?»

«የት እንደገቡ ልወቅ ነው ያልኩት።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ድካም ነው፤ ብዙ መንገድ ሄዶ፣ የተነሳበት ቦታ ተመልሶ የደረሰ ሰው ድካም። ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እስኪፈለፈሉ ድረስ ሱቁ ያንቺ ነው» ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

ብቻዬን ስቀር ሱቁን መፈተሽ ጀመርኩ። ከመሣሪያ በቀር ያገኘሁት የለም። ወደ ጀርባ ዞርኩ። እኔ በስንጥቁ ባየሁበት መስኮት ሥር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ እስከ ወገቡ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል። ክዳኑን ሳነሳ የአራት እንቁላል ቅርፊት አገኘሁ፤ ቁጥሮቼ ይነበባሉ። ከየቅርፊቱ ጋር የደረቀ ጫጩት አለ። አጠገባቸው በትንሽ ሳንቃ ላይ በአናጢ እርሳስ በትግርኛ ተጽፏል፤ ከአሥረኛውና ከአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀጥሎ «ምዉት»፣ ከአሥራ አራተኛውና ከአሥራ ስድስተኛው ቀን ቀጥሎ «ህያው»። ይህን ለማንበብ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

የኩራዙን ክር አስተካክዬ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ወንበር ሰጡኝ። ሽማግሌው ሳንቃዋን በእጄ ሲያዩ ገባቸው።

«ያንን ሣጥን ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሉ። «የአንድ ጣሊያን ነበር፤ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ኩራዝ ጥዬ እግሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ስልሳ እንቁላል ገብቶ ስምንት ጫጩት ብቻ ወጣ። የቀሩት ገምተው ስለነበር ጣልኳቸው። ጣሊያኑ ‹ጫጩቶቹን ሸጠሃቸዋል› አለኝ። በሰው ፊት አባረረኝ። ለብዙ ዓመት በዚህ ከተማ ስሜ ሌባው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ሰው ሲደጋግምብሽ፣ ሳላውቅ አጥፍቼ ይሆን እንዴ ትያለሽ። ጥፋቱ የእኔ ይሁን የሣጥኑ፣ ሳልሞት ማወቅ ፈለግሁ። በር የዘጋሁትም ሰው አይቶ ያንን ወሬ እንዳያነሳው ነው። ሰጋቱራው ሻጋታ ብቻ አይደለም የሚሸተው፤ ጭስም ይሸታል። የኩራዙ ጭስ ወደ እንቁላሎቹ እየገባ ነበር። የደፈንኩት መስሎኝ ነበር፤ ያንቺዎቹ መጀመሪያ ሲሞቱ ግን እንዳልደፈንኩት አወቅሁ። በሁለተኛው ዙር ከውሃ መያዣው ሥር ሌላ ስንጥቅ አገኘሁ። እሱን ደፍኜ፣ የጭሱን መውጫ አስረዘምኩ።»

«በባትሪ ማየት አይበቃም ነበር?»

«ባትሪ የሚያሳየው ጥላ ነው። ስሰብራቸው ሁለቱን ሞተው አገኘኋቸው። ሁለቱን ግን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ያለ ፈቃድሽም ነው የወሰድኳቸው። ስለዚህ ያልሽው ሁሉም ውሸት አይደለም።»

እኔ እኮ ሌባ አላልኩም ለማለት አፌን ከፈትኩ። ግን ብዬ ነበር፤ ቃሉን ሳልጠራ ብዬ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቁልፉን ስዘረጋላቸው ግን አልተቀበሉኝም። የቀሩትን ቀኖች ኩራዙን በእረፍት ሰዓት እየሮጥኩ እኔው ጠበቅሁት።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ሱቁን ስከፍት የጫጩት ድምፅ ሰማሁ። በሩን እንደተከፈተ ትቼ ሮጥኩና ጠራኋቸው። መጡ፤ ደፉን ግን አላለፉም፤ ደጅ ቆመው በመስታወቱ በኩል ያያሉ። አንዱ እርጥብ ጫጩት ከቅርፊቱ ወጥቶ ይንገዳገዳል። እኔ ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ፤ እሳቸው ፊታቸው አልተፈታም። በማግስቱም መጥተው እዚያው ቆሙ።

«ስንት ሆኑ?»

«አሥራ አንድ።»

«የቀሩትን እኔ እያየሁ ስበሪያቸው።»

አሥራ አምስቱን አንድ በአንድ ሰበርኳቸው። ከፊሎቹ ጽንስ የሌላቸው ነበሩ፤ የቀሩት ውስጥ ቀድመው የሞቱ ጫጩቶች አሉ። እያንዳንዱን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። የመጨረሻውን ካዩ በኋላ ገቡና የሣጥኑን ጀርባ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

መፈልፈያውን ከዚያ በኋላም በቀዝቃዛው ወራት ተጠቅመንበታል። ቁልፋቸውን ተቀብለው ሱቃቸውን እንደ ድሮው ከፍተው ሠሩ፤ ኩራዙንም ጠበቁ። እኔ በሌለሁበት ግን የመስታወቱን በር አልነኩም። እኔም፣ ለምን እንደሆነ ራሴም ሳላውቅ፣ እንቁላሎቹ ላይ ቁጥር መጻፌን አልተውኩም።

ከአሥራ አንዱ ስድስቱ የግንቦትን ሙቀት አለፉ። አንዷን ቄብ ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው በደስታ ተቀበሉኝ። ሽማግሌው እግሯን በገመድ አስረው ጥላ ሥር አኖሯትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ለአከራይሽ ንገሪያት» አሉኝ፤ «ራስሽ በእጅሽ እንዳመጣሻት፤ አንዷ ጎደለች እንዳትል።»

ነገርኳት።