ፈይሩዝ የጻፈችው የውሃ ተራ

ሸዋሮቢት ውስጥ ፈይሩዝን የማያውቅ የለም፤ የምትሠራውን በቅጡ የሚያውቅ ግን የለም። ጎረቤቷ ነኝና እኔ ልንገራችሁ። ቀጥፎ የሚያወራማ ሞልቷል።

ኮምፒዩተር የተማረችው ኮምቦልቻ ነው። በ2001 ዓ.ም. የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ስትቀጠር የየገበሬው መረጃ ኤክስኤምኤል በሚባለው የኮምፒዩተር አጻጻፍ ተጽፎ ተከምሮ ቆያት። ስሙ፣ ቦዩ፣ ማሳው፣ ለቦይ ጠረጋ መውጣት አለመውጣቱ፣ ሁሉም በየምልክቱ ታጥሮ ተቀምጧል። ክምሩን የሚለይ ግን አልነበረም። እሷ ስታይልሺት ጻፈችለት። ስታይልሺት ማለት ለማሽኑ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው በሉት፤ እነዚህን ምረጥ፣ በየቦያቸው ሰብስብ፣ ከቦዩ ራስ እስከ ጭራው ደርድር ይለዋል። ማሽኑም በታዘዘው መሠረት የውሃ ተራ ያወጣል።

ጣጣው የመጣው ከምርጫው ነው። እኛ ዘንድ ከመስኖ በፊት ቦይ በደቦ ይጠረጋል፤ ያልጠረገ ውሃ አያገኝም። ባሏ የሞተባት ሴት ግን አካፋ አትይዝም። ለጠራጊዎቹ የማሽላ ንፍሮ ትልካለች፣ እንደጠረገች ይቆጠርላታል። ፈይሩዝ የእናቷን የእትዬ ጣይባን ንፍሮ ተሸክማ ያደገች ናትና ይህንንም ትእዛዙ ውስጥ አስገባችው፤ የጠረገውን ምረጥ፣ ወይም ንፍሮ የላከችውን።

አንዋር የአጎቷ ልጅ ነው። እናቱ በወሊድ ስትሞት እትዬ ጣይባ ከፈይሩዝ እኩል ጡት አጥብተው አሳደጉት። ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ፈይሩዝ ማኅበሩ አስገባችው፤ አጠገቧ አስቀምጣ መምረጡንም መሰብሰቡንም አስተማረችው። የይለፍ ቃሏንም ሰጠችው። ከጡት ወንድም ምን ይደበቃል? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይኼም ልጅ ሳቂታ ነበር።

በ2003 አንዋር ከቦዩ ጭራ መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት ተከለ። ጭራ ላይ ያለ ሰው ውሃ ቶሎ የሚደርሰው ከላይ ያሉት ሲቀነሱ ነው። በዚያው ሰሞን የውሃው ተራ ተለጠፈ። ባሏ የሞተባት የአንዲትም ሴት ስም የለበትም።

እትዬ ጣይባ ከማኅበሩ ሲመለሱ ልጃቸውን ጠሩ።

“ፈይሩዝ፣ ማሽንሽ እናትሽን አላወቃትም?”

“ሊሆን አይችልም፣ እማ።”

ሮጣ ሄዳ ከፈተችው። የንፍሮው ትእዛዝ ተቆርጦ ወጥቷል። የይለፍ ቃሉን ከእሷ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

“ደንብ ደንብ ነው፤ ያልጠረገ አያገኝም” አላት አንዋር፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር።

“ያንን ንፍሮ በልተህ አይደል ያደግከው?”

“ሴቶቹ ሲጠይቁኝ ማሽኑ ነው ብያቸዋለሁ። አንቺም እንደዚያው በይ።”

ይኼን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። ባጎረሰች ተነከሰች! ለኮሚቴው ብትከስም ሰሚ አጣች፤ ጭራ ላይ ማሳ የሌለው የኮሚቴ አባል ካለ አሳዩኝ። ትእዛዙን በገዛ እጇ መለሰችው። ግን ተራው ተስተካክሎ ውሃው እስኪደርስ የእትዬ ጣይባ ችግኝ ደርቆ ነበር።

ፈይሩዝን ያንገበገባት ግን ችግኙ አይደለም። እኔው ባለሁበት ለእናቷ እውነቱን ነገረቻቸው።

“ወላሂ፣ ጡቴን የጠባ ልጅ ይኼን አያደርግም” አሉ። “ማሽኑን የሠራሽው አንቺ አይደለሽ? በወንድምሽ አታላክኪ።”

“ኧረ እትዬ፣ እኔም...” ብዬ ልናገር ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ፈይሩዝ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

በዓመቱ ጠረጋው ደረሰ። ወደ ቦዩ ብንወርድ፣ እትዬ ጣይባ ከወንዶቹ መሀል እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ደለል ያወጣሉ። ፈይሩዝ እየጮኸች ቦዩ ውስጥ ገባች።

“እማ! መልሼዋለሁ እኮ! ንፍሮሽን ብቻ ላኪ፣ ማሽኑ ያውቅሻል!”

ቀና እንኳ አላሉም።

“አንዴ ረስቶኛል። ዘንድሮ እንደ ወንዶቹ ጠርጌ ይየኝ።”

ልትቀማቸው አካፋውን ያዘች፤ እጀታውን ስታይ ግን መልሳ ለቀቀችው። አካፋው የአንዋር ነበር። ጠዋት ራሱ ቤት ድረስ አምጥቶ ነው ያዋሳቸው።