አብሽ ያወፍራል፤ አብሽ ያከሳል

ብርጭቆውን ወደ አፌ ሳላደርሰው ሽታው ቀደመኝ። የተቃጠለ ስኳርና እርጥብ ድርቆሽ አንድ ላይ የተቀላቀሉበት የሚመስል፣ መራራም ጣፋጭም የሆነ ሽታ። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያደረ አብሽ ነበር።

"ጋሼ፣ ይችን በባዶ ሆድዎ አንድ ወር ይጠጧት። ቦርጭ የሚባል ነገር ድራሹ ይጠፋል" አለኝ ልጁ።

ልጁ ወረታ ውስጥ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያዩበት ብዙም ሳይርቅ፣ አሮጌ የሩዝ መጋዘን ተከራይቶ የስፖርት ቤት ከፍቷል። እኔ የገባሁት ከፀሐይ ልጠለል ብዬ ነው። ሦስት ጎረምሶች ሆዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘላሉ። ላስቲኩ ስቡን ያቀልጠዋል ተብለዋል። ቆርቆሮው ሥር ባለው ሙቀት የሚቀልጠው እነሱ ራሳቸው መሆናቸውን የሚነግራቸው አልተገኘም።

"አብሽ ያከሳል?" አልኩት።

"በደንብ እንጂ! ስብ ያቃጥላል።"

"ማን ነገረህ?"

"ጋሼ ደግሞ! ስልክ የለዎትም እንዴ?"

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ልጁ በቦርጬ ስለመጣብኝ የተቆጣሁ መስሎት ይሆናል። ቦርጬን እንኳ ማንም ቢሰድበው ግድ የለኝም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ያንኑ አብሽ፣ በዚያው በባዶ ሆድ፣ ታላቅ እህቴ እንድትወፍር ሲግቷት በዓይኔ አይቻለሁ።

ልንገርህ።

ቤታችን ከወረታ ወደ ርብ ወንዝ በሚያወርደው ሜዳ ላይ ነበር። ፎገራ የሚባለው ይህ ሜዳ በክረምት ሐይቅ ነው፤ በበጋ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የሰው እግር የሚውጥ አፍ ያወጣል። በሁለቱ መሐል ግን፣ ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ገና ሳይሰነጠቅ፣ ጥቂት ሳምንታት አሉ። መሬቱ ለስልሶ ይረጋል፤ ጓያው ሰማያዊ ያብባል፤ ጠዋት ጠዋት ከወንዙ የሚነሳው ጉም ከብቶቹን እስከ ሆዳቸው ድረስ ይሸፍናቸዋል። እነዚያ ሳምንታት የእህቴ ነበሩ።

በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ትምህርት ቤታችን ወረታ ነበር፤ ከቤት አብረን ተነስተን አብረን የደረስንበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ጫማዋን ታወልቅና ደብተሯን ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትለቀዋለች። እኔ የማየው ጀርባዋን ነው፤ ከዚያ ጉሙ ጀርባዋንም ይወስደዋል። የሚቀረኝ ኮቴዋ ነው። ከአንዱ ኮቴዋ ወደ ሌላው ልዘል እሞክርና አልደርስም ነበር።

"ና እንጂ፣ አንተ ኤሊ! ሳንባህን ቤት ረሳኸው እንዴ?" ትለኛለች ከጉሙ ውስጥ።

ይህን ሩጫ ማንም ስፖርት አላለውም። ዛሬ ሰዎች ተመሳሳይ ካናቴራ ለብሰው "የእግር ጉዞ ለጤና" እያሉ አስፋልት ላይ ሲሰለፉ ሳይ እስቃለሁ። እኛ በእግራችን የምንሄደው ባጃጅ ስላልነበረ ነው። እህቴ ግን ባጃጅም ቢኖር ትሮጥ ነበር።

የስፖርት አስተማሪያችን ስትሮጥ አያት። ወጣት ነው፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ። ጥር መጨረሻ ላይ ደብረ ታቦር ውድድር አለና ስሟን አስመዘገበ። ወንድ ስላነሰው እኔንም ጨመረኝ። "ይች ልጅ ካልታመመች የሚቀድማት የለም" ብሎ በተማሪው ሁሉ ፊት ሲናገር፣ እህቴ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች።

በዚያው ሰሞን አንዲት ሴትዮ ለልጃቸው ሚስት ሊያዩ ቤታችን መጡ። እህቴ ውሃ ስታቀርብላቸው ክንዷን ያዝ አደረጉና በሁለት ጣታቸው ለኩት።

"ሸጋ ናት፤ ሸጋስ ናት። ግን ምነው ሰንበሌጥ መሰለች? ይች እንዴት አድርጋ ትወልዳለች? ትንሽ ትሙላማ፤ ከጥምቀት በኋላ መጥቼ አያታለሁ።"

ሴትዮዋ ሄዱ፤ እህቴም በአክስቴ እጅ ገባች።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። በመንደራችን ስለ ሰው ገላ የማታውቀው አልነበረም፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታምናለች። ፍርዷን በአንድ ትንፋሽ ሰጠች፦ "ልጅቱን የሚያከሳት መንገዱ ነው። ትምህርቱ ይቅር፤ ቤት ትቀመጥ፤ አብሽ ትጠጣ።" ጾመ ነቢያት ስለነበር ቅቤው ለገና ይቆያል ተባለ፤ አብሹ ግን ጾም አያስገድፍምና በማግስቱ ተጀመረ።

አሁን አክስቴን ተመልከትልኝ። ገበያ በዋለ ቁጥር ወረታ ድረስ በእግሯ፣ ያውም ሸክም አዝላ፣ ሄዳ የምትመለስ ሴት ናት፤ ቁጭ ብላ አይቻት አላውቅም። ወገቧ ግን የእህል ጎታ ያህላል። መንገድ የሚያከሳ ቢሆን ኖሮ አክስቴ ዱሮ ጠፍታ ነበር። ያ ሁሉ ማስረጃ በየቀኑ በፊታችን እየተንጎራደደ አንድም ሰው አላየውም። ይኸው ዛሬም አያየውም።

አክስቴ በአብሹ ላይ አንድ ክር ጨመረች፤ ይህ የራሷ ፈጠራ ነው፤ የአገሩ ወግ ነው ብዬ አልዋሽህም። ከፈተለችው ጥጥ አንድ ክር በጠሰችና በእህቴ ክንድ ላይ፣ ከብብቷ ዝቅ አድርጋ አሰረችው። "ይህ ክር ሥጋሽ ውስጥ ሲገባ ያን ጊዜ ሴት ሆንሽ" አለቻት። ክሩ ቢላላ አብሹ ይጨመራል፤ ቢጠብቅ ሰርጉ ይቆረጣል። እህቴ የምትፈልገው ሁለቱንም አልነበረም። እሷ የምትፈልገው ደብረ ታቦርን ነው።

አስተማሪው አንድ እሑድ ቤታችን መጣ። አባቴ ጠላ አስቀዳለት።

"አባባ፣ ልጅዎ ያላት ነገር በወረዳው የለም። አንድ ቀን ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ እኔው ወስጄ እኔው እመልሳታለሁ።"

አባቴ መሬት መሬት እያየ ነበር የተናገረው። "መምህር፣ እርስዎ ነገ ሲቀይሩዎት ወደ አገርዎ ይሄዳሉ። እሷ ግን እዚሁ ናት።"

አክስቴ ከጓዳ ሆና ተቀበለችው። "ስትሮጥ ማህፀኗ ቢዞር እርስዎ ሊያገቧት ነው?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪው ጆሮው ድረስ ቀላ። እናቴ አልሳቀችም። አብሹን ማታ ማታ የምትዘፈዝፈው እሷ ነበረች።

እኔ ዛሬ ጠጉሬ ሸብቶም ያን ሳቅ ስሰማው ደሜ ይፈላል። ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ያ ማህፀን ወዴት እንደሚዞር የሚነግረኝ አንድም አላገኘሁም። ሳቁ ግን በቂ ማስረጃ ሆኖ አለፈ።

እህቴ መላ አላጣችም። ውሃ መቅዳት አልተከለከለችምና ሌሊቱ ሳይነጋጋ ጀሪካኑን ይዛ ትወጣለች፤ እኔም ተከትያት እወጣለሁ። ጀሪካኑን ለእኔ ትታ ሜዳው መሐል እስካለችው ብቸኛ ሾላ ድረስ ሮጣ ትመለሳለች። መምጣቷን ከማየቴ በፊት እሰማዋለሁ፦ እርጥብ መሬት ላይ የሚያርፍ እግር፣ ከዚያ ትንፋሽ። ክሩ ወደ ክርኗ ሲወርድባት በጥርሷ ነክሳ ትመልሰዋለች። ስትቆም ከገላዋ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይነሳል፤ እንፋሎቱ አብሽ አብሽ ይላል። አብሽ እንደዚያ ነው። የጠጣው ሰው ሲያልበው ሽታው በላቡ ይወጣል።

ያሳበቀባትም እሱ ነው። አንድ ጠዋት አክስቴ በሩ ላይ ጠበቀችን። የእህቴን አንገት ሳብ አድርጋ አሸተተችው።

"እሰይ! ያን ሁሉ አብሽ አጠጥቼሽ ሜዳ ላይ ስትደፊው ኖረሻል!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ የምቀዳው እኔ ሆንኩ። ወንዝ የሚወርዱት ልጃገረዶች ጀሪካን ተሸክሜ ሲያዩኝ "ሙሽሪት መጣች፣ እልል በሉ!" እያሉ ተሳለቁብኝ። እህቴ የቤቱን ደጃፍ ሳትረግጥ ጥምቀት አለፈ። ሴትዮዋ ተመልሰው መጡ፤ ክንዷን ለኩ፤ ደስ አላቸው። ሰርጉ ለሚያዝያ ተቆረጠ።

ደብረ ታቦር የሄድኩት እኔ ነኝ። በጭነት መኪና ላይ ቆመን፣ ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ ፊታችንን እየገረፈው፣ የባሕር ዛፍ ሽታ እየተቀበለን። እኔን፣ ከጉም ውስጥ "ኤሊ" የምባለውን ልጅ፣ አባቴ መርቆ ሸኘኝ። ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጣሁ፤ ከእኔ ኋላ የቀረውም ልጅ ወድቆ ነው። ከዚያ የሴቶቹን ሩጫ ቆሜ አየሁ።

ማታ ስመለስ እህቴ ጓዳ ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ቤቱ ሁሉ አብሽ ይሸታል።

"ማን አሸነፈ?"

"ከደጋ የመጣች አንዲት ልጅ።"

"እንዴት ነው የምትሮጠው?"

"እጇን ታወራጫለች።"

"ባዶ እግሯን?"

"የላስቲክ ጫማ አድርጋ።"

"እቀድማት ነበር?"

"ትተሻት ነበር የምትሄጂው።"

አላለቀሰችም። ክንዷ ላይ ያለውን ክር በጣቷ ልታነሳው ሞከረች፤ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ጣቷ አልገባላትም።

በሰርጓ ዋዜማ አክስቴ ክሩን በምላጭ በጠሰችው። የታሰረበት ቦታ ቀይ ሆኖ ተሰርጉዶ ቀረ። ያየ ሁሉ "እንዴት አማረባት! ሞላች እኮ!" አለ።

ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። በቀደም፣ እሱም እንደ እኔ ሸምግሎ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለን ስናወራ እንዲህ አለኝ፦ "እኔ እኮ እህትህን መጀመሪያ ያየኋት ሜዳው ላይ ስትሮጥ ነው። እናቴን የላክሁትም ለዚያ ነው።" ይህን ሲለኝ ፈገግ ብሎ ነበር። ሲሮጥ ያየውን ሰው ወደደ፤ እናቱ፣ አክስቴ፣ አብሹና ክሩ ተረባርበው መሮጥ የማይችል ሰው አስረከቡት። እሱም አንድ ቀን እንኳ "ሩጫው የት ሄደ?" ብሎ አልጠየቀም።

አሁን እህቴ ወረታ ከተማ ውስጥ ትኖራለች። ስኳር አለባት፤ ጉልበቷ ያማታል። ምርመራ የወሰድኳት ቀን ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን እያየ፣ እሷን ሳያይ፣ "እማማ፣ ዕድሜ ልክዎን ቁጭ ብለው ነው የኖሩት። ይህ ሁሉ የመጣው ለዚያ ነው። በእግርዎ ይሂዱ እንጂ" አላት። መራመዱ ይጠቅማታል፤ በዚያ አልከራከረውም። ግን ቁጭ ያለችው እሷ ናት ወይስ ያስቀመጧት? ልጮህበት አፌን ስከፍት እህቴ እጄን ጨመቀችው። "እሺ የኔ ልጅ፣ እሄዳለሁ" አለችው።

ከስፖርት ቤቱ ተቆጥቼ በወጣሁ ማግስት፣ እህቴ ቤት አድሬ ስለነበር፣ ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሰችኝ። "ተነሳ፣ አንተ ኤሊ፤ ሐኪም ያዘዘው ነው።"

የደብረ ታቦርን አስፋልት ይዘን ወጣን። የሩዝ ወፍጮዎቹ ገና አልተነሱም፤ አየሩ የገለባ ትቢያ ይሸታል። በግራችን ሜዳው ጉም ለብሷል። ሁለት ጎረምሶች ስልካቸውን ክንዳቸው ላይ አስረው ሮጠው አለፉን። "በርቱ እማማ! ላቡ ሲወጣ ስቡ አብሮ ይወጣል!" አለ አንደኛው። ክንዱን የያዘው ማሰሪያ ዓይኔን ወጋው።

እህቴ እያነከሰች ነው የምትሄደው፤ ግን አታርፍም። ጥቂት እንደሄድን አላባት። ጠጋ ስል ሽታው መጣ።

"አብሽ ትጠጫለሽ እንዴ?"

"ልጄ ናት። ያከሳል አለችኝ።"

"የሐኪሙንስ መድኃኒት?"

"እሱንም እውጣለሁ።" ሳቀች። "እኔ እንደሁ የሰጡኝን መጠጣት ለምጃለሁ።"

እኔ አልሳቅኩም። አክስቴንም፣ ስፖርት ቤት ያለውን ልጅም፣ ሐኪሙንም አንድ ላይ ሰብስቤ ልሰድብ ትንፋሼን ሳዘጋጅ፣ እሷ ቆም ብላ ጉሙን ማየት ጀመረች። ሾላዋ ከተቆረጠች ቆየች፤ ቦታዋን ግን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

"ያች ልጅ" አለች።

"የትኛዋ?"

"ባለ ላስቲክ ጫማዋ። ጫማዋን ብታወልቅ ኖሮ ትንሽ ታስቸግረኝ ነበር።"

ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ቀደመችኝ።