የቤተ መጻሕፍቱ ፖስት ካርድ

ባለፈው ሳምንት ቤት ስንቀይር የልጅ ልጄ ከድሮ መዝገበ ቃላቴ ውስጥ አንድ ፖስት ካርድ አግኝታ አመጣችልኝ። ፎቶው ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው፤ በሩ ላይ ብስክሌት ተደግፎበታል።

«እማማ፣ ይሄ የት ነው?»

የአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው አልኳት። የቀረውን አልነገርኳትም።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ነበር። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ጋሽ ተሾመ፣ ቋንቋው እንዲሻሻልልን ብለው የብዕር ጓደኛ አድራሻ ይሰጡን ነበር። የእኔዋ የብዕር ጓደኛ፣ አንዲት እንግሊዛዊት ልጅ፣ ይህን ካርድ ላከችልኝ። ጀርባው ላይ «ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እንገናኛለን፤ አንቺም ብትኖሪ ደስ ይለን ነበር» ብላ ጽፋበታለች።

ደርግ ቤት ለቤት ያስፈትሽ በነበረበት በልግ የቀበሌ ጠባቂዎች ካርዱን ደብተሬ ውስጥ አገኙት። ትንሽ እንግሊዝኛ የሚያነበው አንዱ «እንገናኛለን» የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። በዚያው ወሰዱኝ።

ከቀበሌው ጀርባ፣ መስኮት በሌላት የእህል መጋዘን ውስጥ ስምንት ቀን ቆየሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የምትለኝ እንኳ አይሰማኝም። ሲያባራ ደግሞ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ጨዋታ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ወደየቤታቸው እየሄዱ ነው እያልኩ እቀናባቸው ነበር። እናቴ የምትልክልኝ ሽሮ ተፈትሾ፣ በርዶ ይደርሰኛል።

የሚመረምረኝ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር።

«ቅዳሜ የምትገናኙት የት ነው?»

«እኔ የለሁበትም። እነሱ ናቸው፣ እዚያው አገራቸው፣ ቤተ መጻሕፍት።»

«ለማንበብ ቀጠሮ ይያዛል?»

ሰባት ቀን ሙሉ ይህንኑ ጠየቀኝ። በስምንተኛው ቀን ጥያቄውን ቀየረው።

«አድራሻውን ማን ሰጠሽ? እሱን ንገሪኝና እናትሽ ጋ ሂጂ።»

«አስተማሪዬ፣ ጋሽ ተሾመ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ለቀቁኝ፤ ካርዱንም መለሱልኝ። ጋሽ ተሾመን በማግስቱ ከክፍል ወሰዷቸው። ሁለት ዓመት ታስረው ሲወጡ ወደ ማስተማር አልተመለሱም። አንድ ቀን መገናኛ አካባቢ፣ ደብተርና እስክሪብቶ በሚሸጥበት ሱቅ ተቀጥረው አገኘኋቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል።

«ጋሽ ተሾመ፣ ያኔ ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ልጅ ነበርሽ።»

የልጅ ልጄ ዛሬ በዚያ ዕድሜ ላይ ናት። እሷን ሳያት ልጅ እንደነበርኩ ይገባኛል። ግን ማንም በጥፊ እንኳ አልመታኝም። ስማቸውን የሰጠሁት ቤቴ መሄድ ፈልጌ ነው።