ከኋላ የታየው ንጉሥ

ዛሬ ደብረ ኤልያስ ሜዳ ላይ ነገሥኩ! እሺ፣ የነገሠው ጀርባዬ ነው።

የጥንት ነገሥታትን ፊልም የሚሠሩ ሰዎች መጥተው ነበር። ንጉሥ የሆነው የከተማ ተዋናይ ፈረስ ይፈራል። ካባውን እኔን አልብሰው ፈረሱ ላይ አወጡኝና «ከኋላ ብቻ ነው የምናነሳህ፣ እንዳትዞር» አሉኝ።

ካባው ዚፕ አለው። የድሮ ንጉሥ፣ በዚፕ!

ሚስቴ ከዳር ሆና ጮኸች፦ «አንተ! ፊትህ ካልታየ ጎረቤቱ እንዴት ያምነኛል?»

እውነቷን ነው። እየጋለብኩ ዞሬ ፈገግ አልኩ።

አዘጋጁ «ይሄን ንጉሥ አውርዱልኝ!» ብሎ አበደ። ወዲያው ካባዬን ገፈው የጠላት ሬሳ አደረጉኝ።

ደግነቱ ሬሳን የሚያነሱት ከፊት ነው፤ ያውም በቅርብ! ሚስቴ አጨበጨበች።

እናንተስ ፊልም ላይ ምን ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ የማታ ትምህርቴን ስለጨረስኩ አሁን ራሴ አነባለሁ።

«እየጋለብኩ» ያልኩት ብቻ ውሸት ነው። ፈረሱ ቆሞ ሣር ይግጥ ነበር።