በሚካኤል ቀን ክር ስንመርጥ

መቀመጥ አልችልም። ሥራ ወዳድ ስለሆንኩ አይደለም፤ እንዲያውም ሰነፍ ነኝ ብል ይቀለኛል። ወንበር ላይ ሩብ ሰዓት ከቆየሁ አንድ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ምን እንደሆነ ሳላውቀው ተነስቼ እፈልገዋለሁ። መዝገብ ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህ ጠባዬ አልጎዳኝም። ሰው ፋይል ሲጠይቀኝ እነሳለሁ፣ ከመደርደሪያ መደርደሪያ እዞራለሁ፣ ደመወዝ እየተከፈለኝ እንከራተታለሁ። ጡረታ ስወጣ የሚያስነሳኝ ጠፋ። ባለቤቴም ቀደም ብሎ አርፎ ስለነበር "ኧረ አንድ ቦታ ተቀመጪ" የሚለኝ አልነበረም።

ስለዚህ ናዝሬትን በእግሬ አዳረስኳት። አዳማ መባል ከጀመረች ስንት ዘመኗ፣ የእኔ አፍ ግን እስካሁን አልለመደም። ጠዋት ገበያ፣ ከዚያ መናኸሪያ፣ ከዚያ በፍራንኮ ሰፈር ዞሬ እንደገና ገበያ። ነፋሱ አቧራውን ፊቴ ላይ ይበትነዋል፣ ባጃጆች አጠገቤ ቀስ እያሉ "የት ላድርስዎት እናቴ?" ይሉኛል። የምሄድበትን ባውቀው እኮ እነግራቸው ነበር። ምንም አልገዛም፤ ሰው እንዳይታዘበኝ ብቻ ዘንቢል እይዛለሁ።

መላ ያገኘችልኝ ልጄ ናት። ያለኝ እሷ ብቻ ናት። ዱከም አንድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ በማለዳ በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ያሉ አንዲት አዛውንት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴቶች ሰብስበው ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ የአልጋ ልብስ እንደሚሰፉ ሰማች። በሳምንቱ ፋብሪካው የሚጥለውን ቁርጥራጭና ሊያልቅ ትንሽ የቀረው የክር ጥቅል በከረጢት ሞልታ መጣች። "በባዶ እጅሽ ከምትሄጂ ይህን ይዘሽ ግቢ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከረጢቱ ቀርቶ አያውቅም።

እነሱ ጋ የሚሰፋው ለአራስ ነው። በሰፈሩ የምትወልድ ሴት ከታወቀች ከቤቷ ያረጀ ጋቢ ይጠየቃል፤ ጋቢው መሀል ይገባል፣ ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ ከታች ሙሉ አቡጀዲ ይሆንና ሦስቱ አንድ ላይ በእጅ ይሰፋሉ። መጀመሪያ ቀን ሳየው አፈርኩ። እናቴ ብታየን ኖሮ "ለአራስ ድሪቶ?" ብላ እንባዋ ይመጣ ነበር፤ በእሷ ዘመን ጨርቅ ላይ ጨርቅ የሚጥፍ ያጣ ሰው ነው። አዛውንቷ ሐሳቤን ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ፣ ያለቀውን አንዱን አምጥተው ጉልበቴ ላይ ዘረጉት። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት ክር በቀጭኑ የተሰፋ ነበር። ስፌቱን በጣቴ ተከትዬ እስከ ዳሩ ሄድኩ።

ክር መምረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አዛውንቷ መጀመሪያ ክሩን ጆሯቸው አጠገብ ይዘው ይበጥሱታል፤ ድምፁን ይሰሙታል። ቀጥሎ በምራቃቸው አርሰው ነጭ ጨርቅ ላይ ያሹታል፣ ቀለም ይለቅ እንደሆነ። በመጨረሻ ጫፉን በክብሪት ይለኩሱታል። የፋብሪካው ክር ሁልጊዜ ይኮማተርና የጎመን ዘር የምታህል ጠጣር ፍሬ ይሆናል። የጥጥ ክር ግን አመድ ሆኖ ይረግፋል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ይህ ካለቀ በኋላ ክርክሩ ይጀመራል። ከመካከላችን ያለችው ነርስ ክሩ ከጨርቁ ቀለም ጋር ተመሳስሎ እንዲደበቅ ትፈልጋለች። ከአርሲ ነገሌ ተድራ የመጣችው ጎረቤታችን ደግሞ "ከደከምኩ አይቀር ይታይልኝ" ትልና በሰማያዊ ላይ ብርቱካናማ ትመርጣለች። እኔ እጄ አጠገብ ያለውን አነሳለሁ።

ስፌቴም እንደዚያው ነው። ቶሎ ቶሎ እሰፋለሁ፣ ረዥም ረዥም እወጋለሁ፣ ከሁሉ ቀድሜ ጨርሼ ቀና እላለሁ። አዛውንቷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩትና ምንም ሳይቆጡ በመርፌ ጫፍ ይፈቱታል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይሉኛል፤ ለሰፋሁት ሁሉ ይሠራል። ልነሳ ስል ደግሞ የነገሌዋ ቀሚሴን ይዛ "ኮቱ ታኢ" ትለኛለች፤ ነይ ቁጭ በይ ማለቷ ነው። ሁልጊዜ አንዷ "ድር ቢያብር" ማለት ስትጀምር ግን አልችልም፣ አንበሳው ከመታሰሩ በፊት ውሃ ልጠጣ እወጣለሁ።

አንድ ሕግ አለ። አዛውንቷ በሚካኤል ቀን መርፌ አይነኩም፣ በቤታቸውም አያስነኩም። ነርሷ ጴንጤ ናት፣ የነገሌዋ ሙስሊም ናት፤ ሁለቱም ግን የቤቱን ሕግ ያከብራሉ፣ ነርሷ ትንሽ እያጉረመረመች። ታዲያ ሚካኤል ቅዳሜ ሲውል መቅረት የለም፣ ክር ይመረጣል። "መስፋት ሥራ ነው። መምረጥ ግን ማየት ነው፤ በሚካኤል አትዩ ያለ የለም" ብለው አዛውንቷ ፈርደዋል። ስለዚህ በዚያ ቀን ከረጢቱ ሰፌድ ላይ ተዘርግፎ እያንዳንዱ ቁራጭ ይታያል። በሌላው ቅዳሜ የደረሰሽን ይዘሽ ትሰፊያለሽ እንጂ ሌላው ምን እንደያዘ አታዪም። እጄን ሥራ አስፈትቼ መቀመጥ ስለማልወድ ያን ቀን እጠላው ነበር።

ባለፈው ሚካኤል ቅዳሜ ዋለ። ልጄ ዓርብ ማታ ያመጣችውን ከረጢት እንደታሰረ ይዤ ሄድኩ፤ ሁሉም ባለበት ነው የሚፈታው። አዛውንቷ አንድ ቀይ ክር አንስተው በጠሱት፣ አሹት፣ ለኮሱት። አመድ ሆኖ ረገፈ። ሌላ አነሱ፣ አረንጓዴ። እሱም ረገፈ። ክፍሉን የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ሞላው። ከፋብሪካው አንድም ቀን የጥጥ ክር መጥቶልን አያውቅም።

ከዚያ ጨርቁን አየሁት። የፋብሪካ ቁርጥራጭ ተደራርቦ በማሽን ስለሚቆረጥ ሃያው አንድ ዓይነት ነው። ሰፌዱ ላይ ያለው አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። አንደኛው ላይ ልብስ ሰፊዎች በሳሙና የሚያሰምሩት ነጭ መስመር አለ። ከሥር ደግሞ ወይን ጠጅ ከፋይ ጨርቅ ወጣ፣ ዳሩ ላይ ቢጫ ዘርፍ የተንጠለጠለበት። ይህን የማያውቅ የለም፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች መስተዋታቸው ላይ የሚሰቅሉት መጋረጃ ነው።

የነገሌዋ ከፋዩን ገልብጣ ዘርፉን ከሥር ደበቀችው። እሱን ሳይ ነው ከረጢቱ ከፋብሪካ እንዳልመጣ እነሱም እንደገባቸው ያወቅኩት።

"ልጅሽ ደህና ናት?" አሉኝ አዛውንቷ፣ ዓይናቸው ክሩ ላይ እንዳለ።

"ደህና ናት እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ልቤ ግን አላርፍ አለ። ልጄ ፋብሪካ ካልዋለች የት ነው የምትውለው? የመጣልኝን ልናገር፤ ዓረብ አገር ልትሄድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከጀርባችን ያለው ቤት ልጅ እንደዚያ ነው የሄደችው፤ ሥራ ገብቻለሁ እያለች ፓስፖርቷን ስታስጨርስ ከርማ አንድ ጠዋት ከአውሮፕላን ማረፊያ ደወለች። እናትየዋ እስከ ዛሬ ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች። እኔ ያን አልችለውም። እሷ ከሄደች ናዝሬት አትበቃኝም፣ ዞሬ የምመለስበት ቤት አይኖረኝም።

እሑድ ሙሉውን አልጠየቅኳትም። ብጠይቅ ትነግረኛለች ብዬ ፈራሁ። የፋብሪካ ጋዋኗን አጥባ አሰጣች፣ ከሰዓት ተኮሰችው። ለማን ነው የምትተኩሺው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከጓዳ ሳሎን ስመላለስ ዋልኩ። እሷ ቀና ብላ አየችኝና አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን ከፈተች። እኔ ግን ወተት ገንፍሎብኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ወጣሁ። ወተት አልጣድኩም ነበር።

ሰኞ እሷ ከወጣች በኋላ መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የት እንደምሄድ ከፋይ ጨርቁ ነግሮኛል፤ ደረቅ ወደቡ ባለበት፣ የጭነት መኪና ተሰልፎ በሚያድርበት ከተማ ነው እንዲህ ያለ መጋረጃ የሚሰፋው። "ሞጆ ወራጅ አለ" ብዬ ስጮህ ረዳቱ ደንግጦ አየኝ። ገና ሳይቆም ወረድኩ።

ብዙ አልፈለግኳትም። ከመኪናዎቹ ማቆሚያ ፊት ለፊት በቆርቆሮ ጥላ ሥር አምስት ስድስት የስፌት መኪና ተደርድሯል። ልጄ ከዳር፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ የመጋረጃ ዘርፍ በእጇ ትሰፋለች። የተተኮሰው ጋዋን ክፍት ቦርሳዋ ውስጥ እንደታጠፈ ይታያል። ስታየኝ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችና ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ትምህርት ቤት ሳለች ጥፋት ስታጠፋ ታደርገው እንደነበረው።

"ስንት ጊዜሽ ነው?" አልኳት።

"ከጾሙ በፊት ጀምሮ ነው። ሥራ ቀንሷል ብለው ክፍላችንን በሙሉ አሰናበቱን።"

"ልትሄጂብኝ ነው? ፓስፖርት አውጥተሻል?"

"የምን ፓስፖርት እማዬ?" ግራ ገባት። እውነተኛ ግራ መጋባት ነበር፤ ልጄን አውቃታለሁ። ያን ጊዜም ግን አልተቀመጥኩም፣ የቆርቆሮውን ምሰሶ ያዝኩ። ፍርሃቴ ሲወጣ ንዴት ገባበት።

"ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ? ሞጆ ድረስ ለምን? ናዝሬት ልብስ ሰፊ ጠፍቶ ነው?"

"ናዝሬት ውስጥ አንቺ የማትዞሪበት ምን ቦታ አለና?" አለች። አጠገቧ ያለው ልብስ ሰፊ ሳቁን ሊደብቅ ወደ ስፌት መኪናው አጎነበሰ። እሷ አልሳቀችም። "እዚህ ዘርፍ እሰፋላቸዋለሁ፣ ትንሽ ይከፍሉኛል፣ ቁርጥራጩን በላዩ ይሰጡኛል። ከፋብሪካ ያስቀረሁት ክርና ቁርጥራጭ ባለፈው ሳምንት አለቀ፤ አሁን ክሩን ራሴ ነው የምገዛው። የፋብሪካውን ዓይነት ሱቅ ውስጥ አጣሁት።"

"ክር ገዝተሽ?" አልኩ። "ሥራ አጥተሽ ለእኔ ክር ትገዣለሽ?"

"ከረጢቱ ከቀረ አንቺ እዚያ ቤት መሄድ ትተያለሽ። በባዶ እጄ አልገባም ትያለሽ፣ አውቅሻለሁ። ከተውሽ ደግሞ ዙረቱን ትጀምሪያለሽ።" ድምፅዋ ቀነሰ። "ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው ራትሽን ቁጭ ብለሽ የምትበዪው። አባዬ ካረፈ ወዲህ እሱን ብቻ ነው ያገኘሁት።"

አንድ ነገር ማለት ስላለብኝ "ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እናትሽ አይደለሁም?" አልኩ።

"መቼ ተቀምጠሽልኝ?"

ክፉ ቃል አልነበረም፣ እንደ እውነተኛ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችኝ። የተሰናበተችበት ዕለት ማታ ልትነግረኝ ስትጀምር በሩ ተንኳኳ ብዬ ወጥቻለሁ። በማግስቱ ጫማዬን እያደረግኩ "ስመለስ ትነግሪኛለሽ" ብያታለሁ። ትናንት እሑድ ደግሞ ወተቱ። ወተት እንዳልጣድኩ ታውቅ ነበር።

ይህን ስሰማ ደግሜ መሄድ አማረኝ። ውሸት አልናገርም፤ ዓይኔ መንገዱን ያይ ነበር። አንድ የናዝሬት ሚኒባስ ቆሞ ይጣራል፣ በሩ ክፍት ነው፣ የኋላ ወንበር ባዶ ነው። ብሳፈር ማንም አይይዘኝም።

ልብስ ሰፊው ባዶ ዱካ በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። ተቀመጥኩ። የመጋረጃውን ሌላ ጫፍ አነሳሁና መርፌ ስጪኝ አልኳት። ልጄ ሰጠችኝና መናገር ጀመረች፤ ያሰናበቷት ቀን ምን እንዳሏት፣ ጓደኞቿ በር ላይ እንዴት እንደተላቀሱ፣ ምሳ የማትበላባቸውን ቀኖች። ሁለት ጊዜ ልነሳ ቃጥቶኝ ነበር። ነግራኝ እስክትጨርስ ግን አልተነሳሁም።