ሉቬኒያ ከቆጣሪው የደበቀቻቸው

ሉቬኒያ ባቲስት የቤልሪቭን ፍርድ ቤት ወለል ስትወለውል ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የዳኛ ፎንትኖን ወንበር አቧራ ትጠርጋለች፤ ማንቆርቆሪያቸውን ውኃ ትሞላለች፤ ችሎቱ ሲሰየም በጓሮ በር ውልቅ ትላለች። ማታ ተመልሳ ከአግዳሚው ሥር የምትለቅመው የታችኛው ሰፈር እናቶች ልጆቻቸው ሲፈረድባቸው አልቅሰው የጣሉትን ሶፍት ነው። በዚያ ወንበር ላይ ከላይኛው የነጮች ሰፈር ከመጣ ሰው በቀር ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። ዳኛ የሚመርጠው ነጮች የሚበዙበት አውራጃ በሙሉ ነበርና፣ የታችኛው ሰፈር ጥቁሮች ከጎሕ ጀምረው ቢሰለፉም የሚያሸንፈው ያው የላይኞቹ ሰው ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ከግዛቲቱ ዋና ከተማ ከባተን ሩዥ ደግ ወሬ መጣ። ለቤልሪቭ ሁለተኛ ዳኛ ይጨመራል፤ እሱንም የታችኛው ሰፈር፣ ዙሪያው መስመር ተሰምሮለት፣ ብቻውን ይመርጣል ተባለ። ቤተ ክርስቲያኑ በመዝሙር ተናወጠ።

መዝሙሩ ሳይበርድ ክፉው ወሬ ተከተለ። በሕዝብ ቆጠራው መዝገብ የሰፈሩ ሰው አንሶ ተገኘ፤ ለአንድ ዳኛ አይበቃም።

ለምን እንዳነሰ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የኪራይ ቤቶች ጽሕፈት ቤት በውሉ ላይ ስሙ ያልሰፈረ ሰው ቤቱ ውስጥ ካገኘ ያስወጣል። ስለዚህ ወረቀት የያዘ ሰው በር ሲያንኳኳ ልጆች ወደ ጓዳ ይገባሉ፤ የኖረ ልማድ ነው። ሉቬኒያም የሕዝብ ቆጣሪው ሲመጣ፣ ልጇ ዴልፊን ከአምስት ልጆቿ ጋር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትንፋሿን ውጣ ቆማ ሳለ፣ «ብቻዬን ነኝ ጌታዬ፣ ከእግዜር በቀር ማንም የለኝ» ብላ ሸኝታው ነበር።

እሑድ ከጸሎት በኋላ የሰፈሩን ጉዳይ የያዘው ወጣት ጠበቃ በምእመናኑ ፊት ቆመ።

«እናቶቼ፣ አንድ ሰው ይበቃኛል። ‹ተደብቀን ነበር› ብሎ በችሎት የሚመሰክር አንድ ሰው! ዳኛው ካመነ ሰፈሩ እንደገና ይቆጠራል።»

ሁሉም አቀረቀረ። የሉቬኒያ ጎረቤት ኦሬሊ መጀመሪያ አፏን ከፈተች።

«አንተ ልጅ፣ አፋችንን ከፍተን በራችንን ልናዘጋ ነው? እኔ ቤት ያሉት ድመቶች ናቸው።»

«ድመቶችሽ ቅዳሜ ለት ጫማ ሲገዛላቸው አይቻለሁ» አሏት አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ሉቬኒያ አልሳቀችም። እነዚያ እርጥብ ሶፍቶች ትዝ ብለዋት እጇ ሳታዘው ተነሣ። ከተነሣ በኋላ ልታወርደው ፈልጋ ነበር፤ ጠበቃው አየባት።

ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ዴልፊን አጠገቧ ጋደም እንዳለች፣ «እማዬ፣ ተይው። የት እንወድቃለን?» አለቻት።

ሰኞ ጠዋት የእሑድ ልብሷን ለብሳ ራሷ የወለወለችውን ደረጃ ወጣች። ዳኛ ፎንትኖ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ሉቬኒያ! መወልወያሽን የት ጣልሽው ዛሬ?»

«ዛሬ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ጌታዬ።»

«እንዲያ ነው? ቤትሽስ ደኅና ነው? ጥሩ ቤት ነው እኮ፣ ያ ቤት» አሉና ፈገግ ብለው አለፏት። ግድግዳውን ተደገፈች።

ሊያስችሉ የመጡት ዳኛ የሩቅ ሰው ነበሩ። ፎንትኖ ግን ከፊተኛው አግዳሚ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም።

«ወይዘሮ ባቲስት፣ ቆጣሪው ሲመጣ ምን አሉት?» ብሎ ጠበቃው ጠየቃት። በዚያ ቤት ከዚያ በፊት ወይዘሮ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም።

«ብቻዬን ነኝ አልኩት።»

«እውነት ነበር?»

የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ዘወትር ቅዳሜ የምትወለውለው ሰዓት ነው።

«አልነበረም። ዴልፊን ነበረች። ቴሪል፣ ሮዛሊን፣ መንትዮቹ፣ ሕፃኗም ነበረች። ሕፃኗ እንዳታለቅስ እናቷ አፏን ይዛት ነበር።»

«ሌሎች ጎረቤቶችም እንዲሁ አድርገዋል?»

ወደ ኋላ ዞረች። ኦሬሊ ጣቶቿን አቆላልፋ መሬት መሬት ታያለች።

«እኔ የማውቀው የራሴን በር ነው» አለች ሉቬኒያ። «ስንት በር እንዳለ ግን እናንተው ሄዳችሁ አንኳኩ።»

ዳኛው ጻፉ። በሳምንቱ ሰፈሩ እንደገና እንዲቆጠር ታዘዘ። በዚያው ሳምንት ከቤቶች ጽሕፈት ቤት አንድ ፖስታ በሯ ሥር ገባ። በሠላሳ ቀን ቤቱን ልቀቂ ይላል።

ፖስታውን ይዛ በረንዳዋ ላይ እንደ ተቀመጠች ኦሬሊ መጣች። አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔ ጋ ግቡ» አለች። «ጠባብ ናት፤ ግን የናቴ ናት፣ የኪራይ ውል የለባትም። የእኅቴ ልጆችም አሉ፤ እኔም ከልማዱ የተነሣ ነበር የምደብቃቸው። እንደ ድመቶቼ እንተኛለን።»

«ኦሬሊ» አለች ሉቬኒያ፣ «ያንቺ ቤት የምርጫው መስመር ውስጥ ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ከቤት ስትባረሪ የምትጠይቂው ይህን ነው?»

«ነው ወይ?»

«ነው። እስከ ሰፈሩ ዳርቻ ድረስ የኛ ነው።»

ቆጣሪው ፖስታው በገባ በሃያ ስድስተኛው ቀን ኦሬሊ ቤት መጣ፤ እነሉቬኒያም እዚያ ገብተው ነበር። ሲያንኳኳ ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ወደ ጓዳ ሮጡ። ሉቬኒያ ከኋላቸው ሄደች፤ ሕፃኗን አንሥታ ታቀፈቻት፤ የቀሩትን አንድ በአንድ እየጎተተች በረንዳው ላይ አሰለፈቻቸው። ኦሬሊም የእኅቷን ልጆች አወጣች።

«ስንት ናችሁ?» አለ ሰውየው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ።

ሉቬኒያ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ታቀፈቻት።

«ቀና በልና ቁጠረን፣ ልጄ» አለችው።