በማለዳ የተሸከምነው ኮምፒዩተር

ያን ጊዜ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ስንት ነበር ብትሉኝ አንድ እላችኋለሁ፤ እሱም የኔ። ሁለተኛ ከነበረ ባለቤቱ ይቅር ይበለኝ፤ እኔ ግን ስለሱ አልሰማሁም፣ ብሰማም ደስ አይለኝም ነበር። ሚሊኒየሙ በገባ ሰሞን ነው። ቴክኒክና ሙያ ኮምፒዩተር አስተምር ነበር። ሲዲውን አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ፤ እኔም ዊንዶውሱን ጠራርጌ አጥፍቼ በምትኩ ሊኑክስን ጫንኩት። ከዚያ ወዲያ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ ስለ ሊኑክስ ሳልሰብከው አላልፍም። ነፃ ነው፣ ቫይረስ አይነካውም፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል እላለሁ።

"እስካሁን ማን ገብቶ አየው?" አለችኝ ባለቤቴ አንድ ቀን፣ ሽንኩርት እየከተፈች።

እሷ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ዊንዶውስ ላይ ደብዳቤ ስትጽፍ ነው የምትውለው፤ ስለዚህ አይገባትም ብዬ ልንቃት አልችልም። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት እናት ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም እንደ ብዙው የከተማችን ጎረምሳ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። በየእሁዱ ይደውል የነበረ ልጅ ድንገት ጠፋ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር። ቁጥሩ ሲደወል አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ትልና ይቋረጣል። እማማ መጀመሪያ ሰሞን "ልጄን ይዛ ያስቀረችው እቺ ናት" እያሉ ይቀልዱ ነበር። በአራተኛው ወር ቀልዱን ተዉት።

በኛ አገር ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ለእናት ወዲያው አይነገርም። ዘመድ ይመክራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ከዚያ ገና ወፍ ሲንጫጫ ተሂዶ በር ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ "ደህና ነው" ይላል። ስለዚህ ልጇ የጠፋባት እናት "ደህና ነው" ሲሏት አትረጋጋም፤ ይብሱን ትደነግጣለች። እማማም ገበያ ሲወጡ የሰው ፊት ያነቡ ነበር። ሰላምታ ያሳጠረባቸው ሰው ካለ ያን ቀን ምሳ አይበሉም።

ከደቡብ አፍሪካ የተላከ አንድ ዲቪዲ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ወደ ጊምቢቹ የሚያልፍ አንድ መንገደኛ በር አንኳኩቶ ሰጣቸው። ስለ ልጃቸው ሲጠይቁት "እኔም ከሰው ነው የተቀበልኩት እናቴ፣ እሱን አላገኘሁትም" ብሎ መኪና እንዳያመልጠው ሮጠ። ቤታቸው ያለው ዴክ ቪሲዲ ብቻ ስለሚያጫውት ዲስኩን ዋጥ አድርጎ፣ ትንሽ አጉረምርሞ፣ "ኖ ዲስክ" ብሎ ተፋው። ቪዲዮ ቤት ወስደው የልጃቸውን ነገር ለማያውቁት ሰው ማሳየት ደግሞ አልፈለጉም። እኔ ጋ መጡ።

"እኔ ጋ ምን ችግር አለ እማማ!" አልኩ። ይቺ አፌ!

እሳቸውና ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እኔ መርፌ ሊወጋ እንደተዘጋጀ ሐኪም እጄን አሻሽቼ ዲስኩን አስገባሁ። መስኮት ተከፈተ፤ ጥቁር ነው። ከጥቁሩ ውስጥ መዝሙር ወጣ። በሀዲይኛ፣ ብዙ ሰው ሆኖ የሚዘምረው፣ ዘግየት ያለ መዝሙር። ምስል ግን የለም። ለትንሽ ጊዜ እንዲህ ከተዘመረ በኋላ ፕሮግራሙ አንድ የጎደለው ነገር እንዳለ ነገረኝና ራሱን ዘጋ።

"ሰው ሲዘምር ሰማሁ" አሉ እማማ ቀስ ብለው። "ፊታቸውን ለምን ደበቁት?"

"አልደበቁትም እማማ። ምስሉን የሚፈታ ኮዴክ የሚባል ነገር አለ፤ እሱ የለኝም። ሊኑክስ በሕግ ምክንያት አብሮ አይሰጥም፣ ለብቻው ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ እኛ ጋ ደግሞ ኢንተርኔቱ…" እያልኩ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማርኳቸው። እሳቸው የሚያዩት አፌን ሳይሆን ዓይኔን ነበር።

"ልጄ ደህና ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"ደህና ነው እንጂ!" አልኩ፣ ምኑንም ሳላይ።

እንደወጡ ባለቤቴ "ነገ ቢሮ ልውሰደው፤ የኛው ኮምፒዩተር በአንድ ደቂቃ ይከፍተዋል" አለችኝ። እሺ ማለት ነበረብኝ። አንዲት እናት ልጇ ይኑር ይሙት ሳታውቅ እያደረች፣ እኔ የጨነቀኝ ሊኑክስ በዊንዶውስ እንዳይበለጥ ነበር። አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። "ሦስት ቀን ስጪኝ" አልኳት። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብላ ተወችኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ያለች ኢንተርኔት ቤት ተመላለስኩ። አንዱን ፋይል ስጠብቅ ውዬ በፍላሽ ይዤ ቤት ስገባ፣ ኮምፒዩተሩ "መጀመሪያ ሌላ ፋይል አምጣ" ይለኛል። ያንን ሳመጣ ያኛውም የራሱን ይጠይቃል። ቀበሌ ከእድር ደብዳቤ አምጣ ሲል፣ እድሩ ደግሞ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ እንደሚለው ማለት ነው። እማማ ማታ ማታ በራችን ላይ ብቅ ይላሉ። ሰኞ "ነገ ያልቃል" አልኳቸው። ማክሰኞ "አንድ ብቻ ቀረ" አልኩ። ረቡዕ "ሁለት ቀሩ" ስላቸው ትክ ብለው አዩኝና "ትናንት አንድ አልነበረም እንዴ?" አሉ። ሐሙስ አልመጡም። እኔ ሞኙ እፎይ አልኩ፤ የኮዴኩ ነገር የገባቸው መስሎኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ፋይል ጫንኩ። ዲስኩን ሳስገባ ጥቁሩ ተገፈፈና ልጁ ብቅ አለ፣ ቁልጭ ብሎ! "ነይ እዪው!" ብዬ ባለቤቴን ስጣራ መብራት ድርግም። ያን ሰሞን መብራት በፈረቃ ነው። የኛና የእማማ መስመር ደግሞ ለየብቻ ነው፤ ቅዳሜ የኛ ጠፍቶ ይውላል፣ የእሳቸው ከንጋት እስከ ቀትር ይበራል።

"ሮጠህ ንገራቸው" አለች ባለቤቴ።

"የለም፣ ነገ በማለዳ ቤታቸው ድረስ ተሸክሜ ሄጄ ላስደንቃቸው" አልኩ።

መብራቱ ስለሚዘል ያለ ስታቢላይዘር ኮምፒዩተር መክፈት አይቻልም። ስታቢላይዘር ያላቸው ደግሞ በሰፈሩ አንድ አዛውንት ናቸው፤ ዕቃቸውን ብቻውን የትም አይልኩትም፣ አብረው ይሄዳሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ፊታቸው ከተፈጥሮው ኮስተር ያለ። በሰፈራችን መርዶ ሲመጣ ለቤተሰብ የሚያረዱትም እሳቸው ናቸው። ይህን ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን የማስበው ስለ ቮልት ነበር!

እንግዲህ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሄድነውን ሰዎች አስቡልኝ። ከፊት ሽማግሌው፣ ስታቢላይዘራቸውን በካፖርታቸው ሸፍነው። ቀጥሎ እኔ፣ ካፊያ ስለነበር ያን ከባድ ሞኒተር በነጭ ጋቢ ጠቅልዬ። ከኋላዬ አንድ ጎረቤቴ የሆነ አስተማሪ ሲፒዩውን ታቅፎ። መጨረሻ ላይ ባለቤቴ፣ ከብርዱ የተነሣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ኪቦርዱንና ገመዱን ከውስጥ ይዛ። ጭቃው ስለሚያንሸራትት ሁላችንም አቀርቅረናል፤ ትንፍሽ የሚል የለም።

ሽማግሌው አንኳኩ። እማማ ከፈቱ። እሳቸውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ጋቢውን አዩ።

"ወይኔ ልጄን!" ብለው ደጃፉ ላይ ወደቁ። "አውቄዋለሁ! ፊቱን ሲደብቁብኝ ያኔውኑ አውቄዋለሁ!"

ሽማግሌው ደነገጡ። ሰው ሲደነግጥ አፉ የለመደውን ይናገራልና፣ እሳቸውም ስንት ዓመት ደጃፍ ላይ ቆመው የሚሉትን አሉ፤ "እግዚአብሔር ያጽናዎት።"

አለቀ! ከዚያ በኋላ ማን ይስማን? ባለቤቴ "ኧረ በፈጣሪ፣ ደህና ነው! ደህና ነው!" እያለች ትጮኻለች፤ እሷ ደህና ነው ባለች ቁጥር ለቅሶው ይብሳል። እኔ ሞኒተሩን እንዳላስቀምጠው መሬቱ ጭቃ ነው፤ ታቅፌው ቆሜ "እማማ፣ ኮዴኩን አገኘሁት!" እላለሁ። ጎረቤት ከየቤቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ። ደረታቸውን የሚመቱ ሴቶች መጡ። የእድር አግዳሚ ወንበር ሳይቀር እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ደረሰ። ወሬው ሆመቾ ያሉት ዘመዶቻቸው ጋ ደርሶ፣ ከቀትር በኋላ አንድ አይሱዙ ሙሉ ለቀስተኛ እያለቀሰ እንደመጣ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

በዚያ ለቅሶ መሀል ዕቃውን ገጣጠምን። የሞኒተሩን ገመድ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ሰካሁት። ስታቢላይዘሩ እህህ አለና ያዘ። ሊኑክስ ደግሞ ሲነሣ ማንም የማያነበው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች መደርደር ይወዳል። አንዲት ለቀስተኛ "የመርዶው ደብዳቤ ይህ ነው?" ብላ እሪ አለች። ዲስኩን አስገባሁ። ያው መዝሙር ወጣ፤ ለቅሶውም ከመዝሙሩ እኩል ከፍ አለ። ከዚያ ምስሉ መጣ።

ልጁ ነው። አንዲት ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሟል፣ ሳሙናና ብስኩት ከኋላው ተደርድሯል፣ ያገራችን ልጆች ከበውት ሱቁን በመዝሙር እየባረኩ ነው። መዝሙሩ ሲያልቅ ወደ ካሜራው ቀረብ ብሎ በሀዲይኛ ተናገረ። ዘራፊዎች ስልኩን ወሰዱበት፣ የሁሉም ሰው ቁጥር ስልኩ ውስጥ ነበር፣ በቃሉ የያዘው አንድም የለም። ባዶ እጁን ቀርቶ ስለነበር ሰው ልኮ ማስጠየቅም አፍሮ ቆየ። አሁን ጓደኞቹ አዋጥተው ሱቅ ከፈቱለት። "እማ፣ ደህና ነኝ። አንቺ ደውይልኝ፤ ቁጥሬም…" ሲል ዘማሪዎቹ እልልታቸውን አቀለጡትና ቁጥሩ በእልልታ ተዋጠ። በዚያው ዲስኩ አለቀ።

አግዳሚው ላይ የነበሩት በሙሉ ተነሥተው እልል አሉ። ደረቷን ስትመታ የነበረችው ሴት ሳቀች። እኔማ ደረቴን ነፋ አድርጌ ባለቤቴን አየኋት፤ ተመልከች ሊኑክስን ማለቴ ነው። እማማ ብቻ እልል አላሉም። ስክሪኑን አተኩረው እያዩ ቆዩና "ይሄ መቼ የተነሣ ነው?" አሉኝ።

እዚህ ላይ ማን ይቀድመኛል! ወዲያው የፋይሉን ቀን ከፍቼ አየሁና "ከሁለት ወር በፊት እማማ" አልኩ።

"ዛሬስ?"

ሳምንቱን ሙሉ ለጠየቁኝ ሁሉ መልስ ነበረኝ፤ እሱም ረዥም መልስ። ለዚች ግን ከየት ላምጣ? "አላውቅም እማማ" አልኩ። "የዛሬን አላውቅም።"

ፊቴን አጥንተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው ልጄ ሞቶ አልደበቃችሁኝም" አሉ። "ቢሆንማ ደህና ነው ትለኝ ነበር።"

ያኔ ነው ሽማግሌው፣ ከዚያች ከአንድ ዐረፍተ ነገራቸው ወዲህ በሐፍረት ጥግ ይዘው የተቀመጡት፣ "ከሱቁ በር በላይ በቀለም የተጻፈው ቁጥር ምንድነው?" ያሉት። ወደ ኋላ መለስኩ። ምስሉን አቁሜ አጎላሁት። ስልክ ቁጥር ነው! ቀለሙ የተንጠባጠበ፣ ግን ሳይጎድል የተጻፈ ቁጥር።

"ካርድ ያለው!" አልኩ። ለቀስተኛው ቦርሳውን በረበረ፤ ስድስት ሰው ካርድ ዘረጋልኝ። በኔው ስልክ ሞልቼ ደወልኩና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ እማማ እጅ ላይ አኖርኩት። ጠራ። ጠራ። ሊቋረጥ ነው ስል አንድ እንቅልፋም ድምፅ "ሄሎ?" አለ። "ሄሎ? ማን ልበል?"

እማማ ስልኩን ወደ እኔ ገፉት።

"እሱ ነው" አሉኝ። "አንተ አናግረው፤ እኔ ላልቅስ።"